እስከ ክርስትናው

ወንዳወቅ የደወለልኝ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ባሕር ዳር ተቀምጦ የጥናታችንን ቁጥሮች የሚያሰላው እሱ ነው፤ ሲደውል ሰላምታ አያበዛም።

«ሲስተር ዮርዳኖስ፣ እናንተ አገር ሴት ልጅ ስትወለድ ቀኑ ይረዝማል እንዴ?»

«ምን ሆንህ ደግሞ በጠዋቱ?»

«ከሌሎቹ ጤና ጣቢያዎች የመጡት ሕፃናት ሽሮፑን የወሰዱት አርባ አንድ ቀን፣ አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት። ያንቺዎቹ ወንዶች አርባ ቀን። ሴቶቹ ሰማንያ። ሃያ ዘጠኙም ሴቶች ሰማንያ ገደማ። አንዲት እንኳ አርባ ሁለት ላይ ያቆመች የለችም።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሳቄን ሳልጨርስ ነገሩ ገባኝ።

ጥናታችን በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ ከኤች አይ ቪም ከመድኃኒቱም ጋር የሰነበቱ፣ ግን ቫይረሱ ሳይዛቸው የተወለዱ ልጆችን ይከታተላል። ቁመታቸውንና ክብደታቸውን፣ የጭንቅላታቸውን ዙሪያ እንለካለን። ስንት ቃል እንደሚያውቁ፣ ስንት ጠጠር ሳይሳሳቱ እንደሚቆጥሩ እንመዘግባለን። መልስ የምንፈልግለት ጥያቄ አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ከቫይረሱ ሲያድናቸው ሌላ የነካባቸው ነገር አለ ወይ? እነዚህ ልጆች ከተወለዱ በኋላም ለስድስት ሳምንት በየቀኑ ሽሮፕ መውሰድ ነበረባቸው። እኔ ወደ ጥናቱ ከመግባቴ በፊት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበርሁ። ሽሮፑን ለእናቶች የማስረክብ፣ አሰጣጡንም የማስረዳ እኔ ነበርሁ።

«ስድስት ሳምንት» ስትላት እናት ራሷን ትነቀንቃለች፤ አራተኛው ሳምንት ላይ ቁጥሩ ይጠፋባታል። ክርስትና ግን የሚረሳ ሰው የለም። እህሉ የሚዘጋጅለት፣ ዘመድ የሚጠራበት፣ የክርስትና እናት ቀድማ የምትታጭለት ቀን ነው። አንድ ጊዜ ወንድ ለወለደች ሴት «እስከ ክርስትናው ድረስ በየቀኑ ስጪው» አልኋት። አርባ ቀን ከአርባ ሁለት ቀን ምን ይርቃል ብዬ ነው። አንድም ቀን ሳታጓድል ሰጠች። ደስ አለኝና ለሁሉም እንዲያው አልሁ።

ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን እንደሚጠመቁ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እኔ ራሴ በሰማንያዬ ነው የተጠመቅሁ። «እስከ አርባው» ብል ኖሮ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ላይ ምላሴ ይያዝ ነበር። «ክርስትናው» ግን ለወንድም ለሴትም የሚሆን ቃል ነው፤ ምንም ሳይጎረብጠኝ አራት ዓመት ሙሉ አልሁት። እናቶቹ ሽሮፑን ያቆሙበት ቀንም በወቅቱ ተመዝግቦ ነበር። ተቀምጦ የቀነሰው ሰው አልነበረም እንጂ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልሁት ወንዳወቅን፤ ነገርሁት።

«ሴቶቹ እስካሁን በለካነው ከሌሎቹ አይለዩም» አለኝ። «ያ ጥሩ ነው። ግን የእናቶች ቃል ብቻ አይበቃኝም። የተጠመቁበትን ቀን በጽሑፍ አምጪልኝ።»

ሐሙስ ዕለት ከጤና ጣቢያዋ በላይ፣ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቂርቆስ ወጣሁ። ቄስ ሃይለ ሚካኤል ያጠመቋቸውን ሕፃናት ሁሉ በደብተር ይጽፋሉ። የኔን ስድሳ አንድ ልጆች ብቻ ነጥዬ ብጠይቅ የየትኛዋ እናት ደም ምን እንዳለበት መናገር ይሆንብኛል። ስለዚህ ለልጆች ዕድገት ጥናት የልደት ቀን ማረጋገጥ እንደምፈልግ ነገርኋቸውና የአራቱን ዓመት ሁሉ ልገለብጥ ተቀመጥሁ። የማዋለጃ መዝገቡን ቀኖች በራሴ ደብተር ይዣለሁ።

«የራስሽን ሳታስጠምቂ የሰው ልጅ ክርስትና ስትቆጥሪ ልታረጂ ነው» አሉኝ በርጩማውን ወደ ጥላው እያስጠጉልኝ።

«ባል ይፈልጉልኛ፣ አባ።»

«መፈለጉንስ ፈልጌ ነበር። ሁሉም መርፌ ይፈራል።»

እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የክርስትና ስም፣ የቤት ስም፣ ቀን። ከእያንዳንዱ ቀን ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ እየቀነስሁ ያዋለድሁበትን ቀን አመሳክራለሁ። አንዱ ልክ ነው፤ ሌላው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይዘገያል። የሴቶቹ ሰማንያ ምንም አላጠራጠረም። ሥራው ልብ የሚያሳርፍ ሥራ ነበር፤ ጥፋቴ መጠኑ የታወቀ፣ ማንንም ያልጎዳ ጥፋት እየመሰለኝ ሄደ።

«ጥቅምት ዐሥራ አራት፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ። ገብረ ሕይወት። የቤት ስሙ ናሁሰናይ፣ የአቻምየለሽ ልጅ» አሉ ቄሱ።

ቀነስሁ። ደግሜ ቀነስሁ።

«አባ፣ እዚህ ላይ ቀኑ ተሳስቷል።»

«የማን ቀን?»

«የርስዎ። ጥቅምት ዐሥራ አራት አርባው ከሆነ ልጁ የተወለደው መስከረም አምስት ነው። እኔ በእጄ የተቀበልሁት ጥቅምት ስድስት ነው። በርስዎ ደብተር ከሄድን ከመወለዱ ሠላሳ አንድ ቀን ቀድሞ ተወልዷል።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና ጽሑፉን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። «እኔ ሰው ብረሳ ቀን አልረሳም። ደግሞስ አርባው ነው ያለሽ ማን ነው? ይኸ በዘጠኝ ቀኑ የመጣ ነው። የእናቱ አክስት ናት ታቅፋ ያመጣችው። ጡት ትቷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። ሳይጠመቅ እንዳይሞት አሉኝ። እነሱ ሞት ሲሉ እኔ ሕይወት ብዬ ሰየምሁት። ዳነ። ይኸው አሁን ቡሬ ተማሪ ነው ይባላል።»

ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። እኔ እርሳሴን ከወረቀቱ ላይ አላነሳሁም።

መስከረም አምስት የተወለደ ናሁሰናይ የሚባል ልጅ የለም። ግን ለጥቂት ደቂቃ በመቀነስ ሒሳቤ ውስጥ ነበረ፤ አርባ ቀኑን የሞላ፣ ሽሮፑን ጨርሶ የተጠመቀ፣ ከስድሳ አንዱ ጋር ስድሳ ሁለተኛ ሆኖ ልለካው የሚገባኝ ልጅ። ኮረብታውን ስወርድ ከኋላዬ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ዞሬ አላየሁም፤ ማንም እንደሌለ አውቃለሁ።

ናሁሰናይን አስታውሰዋለሁ። በስድስተኛው ሳምንት ከተረከዙ የደም ጠብታ ወስጄ ወረቀት ላይ ያደረቅሁት እኔ ነኝ። ውጤቱ ቫይረሱ አለበት ብሎ መጣ፤ ስለዚህ ጥናቱ ውስጥ አልገባም፤ ወደ ሕክምናው ተላለፈ። እናቱ ቫይረሱ እንዳለባት ያወቀችው እርግዝናዋ ስምንት ወር ከሞላው በኋላ ነው። መድኃኒቷን ወዲያው ብትጀምርም የቫይረሱን መጠን ለማውረድ ጊዜው አጭር ነበር። ከሁሉም ልጆች ይልቅ ሽሮፑ የሚያስፈልገው ለእሱ ነበር። በዘጠኝ ቀኑ ከተጠመቀ፣ በኔው «እስከ ክርስትናው» የወሰደው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያዋ ሄጄ የቆየውን ካርድ አስወጣሁ። ጽሑፉ የኔ ነው። «እናት ሽሮፑን ያለ በቂ ምክንያት አቋርጣለች።»

የጻፍሁበት ቀን ትዝ አለኝ፤ የልጁን ደም የወሰድሁበት ቀን ነው። ጠርሙሱን ይዛ መጥታ ነበር፤ ባዶውን እንድታመጣ የነገርኋት እኔ ነኝ። ወደ መስኮቱ አንሥቼ አየሁት፤ ብዙ አልጎደለም።

«ለምን አቋረጥሽ?» አልኋት።

«እንዳሉኝ ነው ያደረግሁ።»

«እንዳልሁሽ ብታደርጊማ ይኸ ሁሉ አይተርፍም ነበር።»

«እንዳሉኝ ነው ያደረግሁ፣ ሲስተር» አለች ደግማ።

ባሏ ዘሩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የሷን ደም ሰምቶ አብሯት የቆየ ሰው ነው፤ እሱ ራሱ ተመርምሮ ነፃ ነበር። ውጤቱ የመጣ ቀን ያንን መስመር እሱ እየሰማ አነበብሁላት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ብቻዋን መጣች።

«መቼ ተጠመቀ?» ብዬ ብጠይቅ ይበቃ ነበር። ካርዱ ላይ ያንን የሚጠይቅ ቦታ የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

የሥራው ደንብ እንደሚያዘው መስመሩን ሳልፍቀው በአንድ ሰረዝ ሰረዝሁት። ከአጠገቡ «ስሕተት፤ እናት የተነገራትን ፈጽማለች፤ ትእዛዙ የተሳሳተ ነበር» ብዬ ጻፍሁ፤ ቀንና ፊርማ አኖርሁ። ለወንዳወቅ ደወልሁ።

«ይህ ልጅ እኔ ጋ የለም» አለኝ። «ከመጀመሪያው ወጥቷል። ቁጥራችንን አይነካውም።»

«አውቃለሁ።»

«ሪፖርት ጻፊ፤ አብሬ እፈርማለሁ። ሲስተር፣ ሽሮፑን ቢጨርስ ኖሮ አይያዝም ነበር ማለት ግን አትችዪም።»

«አልችልም። አይያዝም ነበር ማለትም አልችልም፣ ይያዝ ነበር ማለትም አልችልም። እሷ አላቋረጠችም ማለት ግን እችላለሁ።»

ከዚያ ቡሬ ደወልሁ። ልጁ መድኃኒት በሚወስድበት ክሊኒክ ምስክር የሚባል የምክር ባለሙያ አለ፤ አብረን ሠርተናል። አቻምየለሽ ደህና መሆኗን ጠየቅሁት።

«ደህና ናት። ነገ ለልጁ ልትነግረው ነው» አለኝ። «ስምንት ዓመቱ ነው፤ መጠየቅ ጀምሯል። ከኔ ጋር ስትለማመድ ሰነበተች። አንድ ነገር ብቻ ተዪው ብላት እንቢ አለች። ‹ሽሮፕህን ረስቼው ነው› ልለው ነው ትላለች። ይኸ ለልጅ ምን ያደርግለታል ብላት ‹ተጽፏል› አለችኝ።»

በዚያው ሰዓት ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

አቻምየለሽ ከቡሬ መናኸሪያ ኋላ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ትሰፋለች። ስታየኝ እግሯን ከመኪናው መርገጫ ላይ ሳታነሣ ብድግ ልትል ሞከረች።

«ሲስተር ዮርዳኖስ? ደህና ነዎት? ቡሬ ምን እግር ጣለዎት?»

«አንቺን ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«እንግዲያው ክፉ ነው» አለች ፈገግ ብላ። «ነርስ ቤት ድረስ የሚመጣ ለደግ አይደለም።»

አጠገቧ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ነገርኋት፤ «እስከ ክርስትናው» ያልሁትን፣ የሴቶቹን ሰማንያ ቀን፣ የቄሱን ደብተር፣ ዘጠነኛውን ቀን፣ ካርዱ ላይ የሰረዝሁትን። ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ መማል እንደማልችልም ነገርኋት። እየሰማች አንድ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር፤ አንገትጌውን ጨረሰች፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ያን ቀን ምን አልሁዎት?» አለች።

«እንዳሉኝ ነው ያደረግሁ አልሽኝ።»

«ሁለት ጊዜ ነው ያልሁ።»

«ሁለት ጊዜ።»

«ምን ጻፉ?»

«አቋርጣለች።»

ሸሚዙን አጠፈችው። «ስምንት ዓመት የረሳሁበትን ቀን ስፈልግ ኖርሁ» አለች። «በአራሥነቴ ቤት ውስጥ ማን እንደገባ፣ ማን እንደወጣ፣ ምን እንደበላሁ ቀን በቀን አውቀዋለሁ። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ። የረሳሁበት ቀን የለም። በኋላ ምን አልሁ? መርሳቴን ራሱን ረስቼዋለሁ ማለት ነው አልሁ። ሰው እንደዚህ ከራሱ የሚደበቅ ከሆነ፣ ሌላስ ምን አድርጌ ረስቼ ይሆን እያልሁ ልጄን ማጠብ ፈራሁ። ውኃው ይፈላ ይሆን፣ አይቼ ረስቼው ይሆን እላለሁ። አንቺ ግን በአንድ መስመር ጻፍሽው።»

ከተገናኘን ጀምሮ «እርስዎ» ስትለኝ የነበረች ሴት «አንቺ» ስትለኝ ሰማሁ። ድምፅዋ አልተለወጠም።

«ለዘሩ እኔ ሄጄ እነግረዋለሁ» አልኋት።

«ደምበጫ ሌላ ወልዷል። ተይው፤ የነዚያን ቤት አታናጊ።»

«ለልጁስ? ነገ እኔ ልንገረው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከኔ አፍ ይስማ።»

መኪናው ላይ ያለውን ጨርቅ በእጇ መዳመጥ ያዘች። ረጅም ጊዜ ዳመጠችው። መንገዱ ላይ ባጃጆች ሲያልፉ አቧራውን ወደ በረንዳው ይነዙት ነበር።

«አይሆንም» አለች።

«ለምን?»

«ልጄ ክኒኑን የሚውጠው ጥሞት አይደለም። እናንተ ስለሰጣችሁት ነው። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው የሚሰጠው አያታልልም ብሎ ነው። ነርስ ተሳስታ ነው እንዲህ የሆንኸው ካልሁት፣ ሲጎረምስ ከኔ እጅ ሲወጣ፣ ‹እነሱ ይሳሳታሉ› ብሎ ይጥለዋል። እኔን ቢጠላኝ እናቱ ነኝ፤ ዞሮ ይመጣል። መድኃኒቱን ቢጠላ ወዴት ዞሮ ይመጣል?»

«ግን ውሸት ነው፣ አቻምየለሽ።»

«አንቺ ውሸት ስትጽፊ ማን ከለከለሽ?» አለች። ይህንንም ያለችው በዝግታ ነው። «አንቺ መዝገብሽን አስተካክለሻል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ገና ዛሬ ማታ እንቅልፍ እተኛለሁ። ይኸው ይበቃኛል። ለሱ ግን የኔ ይሁን። ነገ በሦስት ሰዓት መጥተሽ ትቀመጫለሽ። ስነግረው ትሰሚያለሽ።»

«ለምን ልስማ?»

«እኔ የነገርሁሽን አንድ ቀን እንኳ ስሚያ።»

ቡሬ አደርሁ። በሦስት ሰዓት ቤቷ ደረስሁ፤ አንዲት ክፍል ናት፣ ግድግዳዋ በጋዜጣ የተለበጠ፤ የስፌት መኪናዋ ማታ ማታ ከበረንዳው ገብቶ ጥጉ ላይ ያድራል። ናሁሰናይ በእናቱ የልብስ መለኪያ ሜትር የበሩን ስፋት እየለካ ነበር። ቀጭን ነው፤ ዓይኖቹ የእናቱ ናቸው።

«የኔ ቁመት አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። «ክሊኒክ ነው የለኩኝ። እርስዎም ይለካሉ?»

«እለካለሁ።»

«እናቴ እርስዎ ነዎት ያዋለድሽኝ አለች።»

«ያዋለዱኝ ነው የሚባል» አለችው እናቱ። «ና ተቀመጥ።»

ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ምስክር ባስተማራት ቃል ጀመረች። በደምህ ውስጥ አንድ ተኝቶ የሚኖር ነገር አለ፣ ክኒኑ እንዳይነቃ ይጠብቀዋል፣ ስትጫወት ስትበላ ለማንም አይተላለፍም፣ አድገህ ትማራለህ፣ ታገባለህ። ልጁ ሲሰማ ጣቶቹ ሜትሩን ይጠቀልላሉ።

«ማን ነው የሰጠኝ?»

«ከኔ ነው የመጣ። እኔም አለብኝ። አንተን እንዳይዝህ ሽሮፕ ተሰጥቶኝ ነበር። በየቀኑ ልሰጥህ ነበር። ረሳሁት።»

ሜትሩን መጠቅለል አቆመ። እናቱን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሲስተር፣ እርስዎ ነግረዋት ነበር?»

አቻምየለሽ ቀና አላለችም። እጆቿ ጉልበቷ ላይ ነበሩ። ልጁ ይጠብቃል። እኔ በሙያዬ ሁሉ የተማርሁት የተጠየቅሁትን ብቻ፣ በትክክል መመለስ ነው።

«ነግሬያት ነበር» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ትልቅ ሰው የሚነቀንቀውን ዓይነት። አላለቀሰም። ወንበሩን ከእናቱ ራቅ አድርጎ ወደ እኔ አስጠጋው።

«ከእንግዲህ ለኔ ይንገሩኝ» አለ። «ጠዋት ጠዋት ሰዓቱ ሲደርስ። እሷ ትረሳለች።»

በልጁ ራስ በላይ እናቱን አየኋት። እሺ በይው አለችኝ በዓይኗ።

«እሺ» አልሁት።

ይህ ከሆነ አራት ወር አለፈ። ሪፖርቱ ተልኳል። ሴቶቹ በየስድስት ወሩ ይለካሉ፤ እስካሁን የተለየ ነገር አላገኘንባቸውም። አቻምየለሽ ክሊኒክ ስትመጣ ምስክር ደህና ናት ይለኛል፤ ለኔ አትደውልም። ስልኳ ላይ ግን በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን እኔ እደውላለሁ፤ ኔትወርክ በሚጠፋባቸው ቀናት ፍኖተ ሰላም ቤቴ በር ላይ ስልኬን ይዤ እቆማለሁ፤ እስኪመለስ ድረስ ወደ ሥራ አልወጣም። ስልኩ ሲነሣ ከወዲያ በኩል መጀመሪያ የብርጭቆ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ የሱ ድምፅ።

«ሲስተር፣ ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ሰዓቴን አያለሁ። በየቀኑ አያለሁ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሲውጥ እሰማዋለሁ። ከኋላው፣ ከክፍሏ ጥግ፣ የልብስ ስፌት መኪና ይሄዳል፤ ልጁ ስልኩን እስኪዘጋ ድረስ አያቆምም።